የፌዴራሉ ግራንት፣ የካውንቲው መመሪያና የራሳችን ፖሊሲ ሲጋጩ የማንን ልስማ?

የምሳ አስተባባሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፤ እባካችሁ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

ዲሲ አካባቢ ባለ አንድ አነስተኛ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ውስጥ የአረጋውያን ምሳ አስተባባሪ ነኝ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ 45 ያህል እናቶችና አባቶች ይመጡልናል። ልጆቻቸው በጠዋት ሥራ ይወጣሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው የሚያወሩት በእንግሊዝኛ ነው። ብቻቸውን ቤት ተዘግቶባቸው ከሚውሉ እኛ ጋ መጥተው ይጫወታሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ምሳቸውን ይበላሉ። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ሁለት ቀን ቢቀሩብን ደወልን፤ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ኖሮ ሆስፒታል ገብተዋል። ይህ ፕሮግራም ቢዘጋ እነዚህ ሰዎች የት እንደሚውሉ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ገንዘቡ የፌዴራል ነው። በ1965 የወጣው የአሜሪካ የአረጋውያን ሕግ ዕድሜያቸው 60 ለሞላ ሰዎች በጋራ ለሚበላ ምሳ የመደበው ገንዘብ አለ፤ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከዋሽንግተን ለስቴቱ፣ ከስቴቱ ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር)፣ ከካውንቲው ለእኛ ይደርሳል፤ በደረሰበት ሁሉ አንድ መመሪያ ይታከልበታል። በዚህ ላይ ቦርዳችን ያጸደቀው የራሳችን ፖሊሲ አለ።

በሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት ከካውንቲው ሁለት ባለሙያዎች ለቁጥጥር መጡ። ትናንት ደብዳቤያቸው ደረሰን። አራት ግኝት አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥ የእርምት ዕቅድ አቅርቡ ይላል።

የመጀመሪያው ወተት ነው። የካውንቲው የምግብ ዝርዝር መመሪያ ከእያንዳንዱ ምሳ ጋር 8 አውንስ ወተት ይቅረብ ይላል። እኛ ረቡዕ፣ ዓርብና በሁዳዴ ወተት አናወጣም። የዛሬ ሦስት ዓመት መመሪያውን ለማክበር ብለን በጾሙ ሁሉ አውጥተን ነበር። ማንም አልነካውም። በየቀኑ ሰላሳ ምናምን ካርቶን ወተት እንደታሸገ ሰብስቤ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ ወተት። እንደዚያ ስናደርግ ግኝት አልተጻፈብንም፤ መጣሉን ስናቆም ተጻፈብን።

ሁለተኛው ከሁሉም ይልቅ የከበደኝ ነው። በውላችን ምሳ የሚቀርበው ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ነው፤ ምግቡም እዚያው ተበልቶ ማለቅ አለበት፣ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። በሁዳዴ ግን ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ አብረው ገቡ፤ ስድስት ሙስሊም እናቶችና አባቶች አሉን፣ እነሱም ቀን አይበሉም። መምጣቱን ግን ማንም አላቋረጠም። ስለዚህ ምሳቸውን በዕቃ አድርገን እንሰጣቸው ነበር። የቁጥጥሩ ዕለት አንዲት የ78 ዓመት እናት ምስሩንና ጎመኑን በነጠላቸው ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ሊከቱ ሲሉ ባለሙያዋ አየቻቸው። እዚሁ መብላት እንዳለባቸው ንገሪልኝ አለችኝና ነገርኳቸው። እማማ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብለው አዩና «ልጄ፣ ገና ስድስት ሰዓት እኮ ነው» አሉኝ። ዕቃውን ከነጠላቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት። ክዳኑን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ዘጉት። እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ቆየ፤ ከዚያ አውቶቡሱ መጣና ሄዱ። ምግቡን እኔ ጣልኩት።

ሦስተኛው ቀላል ይመስለኛል፦ ቦርዳችን በ2019 የወሰነው «የምሳ ዋጋ 3 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፏል። ዋጋ ማስከፈል አይቻልም ተባልን።

አራተኛው የእንጀራው ግዥ ነው። የራሳችን ፖሊሲ ከ500 ዶላር በላይ ለሆነ ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ይላል። በወር ወደ 1,400 ዶላር የሚሆን እንጀራ የምንገዛው ከአንድ ሱቅ ነው፤ ፕሮፎርማ ሰብስበን አናውቅም። ሱቁ የቦርዳችን ገንዘብ ያዥ ሚስት ነው፤ እሷው ናት የምታስተዳድረው። እውነቱን ልናገር፣ ከሌላው ሱቅ በርካሽ ትሰጠናለች፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ትኩሱን ራሷ ታመጣለች፣ በረዶ በጣለ ቀን እንኳ ቀርታ አታውቅም። ለባለሙያዎቹ «የፌዴራሉ ደንብ ከ15,000 ዶላር በታች ለሆነ ግዥ ፕሮፎርማ አይጠይቅም» ብዬ ተከራከርኩ። የመለሱልኝ «የራሳችሁን ፖሊሲ ጥሳችኋል» ብለው ነው። ዋናው ሕግ የፈቀደልኝን የእኛው ትንሽ ፖሊሲ እንዴት ልትከለክለኝ ትችላለች?

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከነዚህ ሁሉ ደንቦች የትኛው ነው የበላይ? አንዱን ሳከብር ሌላውን ስጥስ ምን ላድርግ?


ጡረታ የወጣ ሂሳብ ሠራተኛ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ በመንግሥት ግራንት ሂሳብ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ሰባቱን በኦዲተርነት። የእማማን ነገር ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ውላችሁን አውጪና ማኅበራችሁ ምን ተብሎ እንደተጻፈ እይ። የግራንት ተቀባይ ናችሁ ወይስ ምሳ አቅራቢ ነጋዴ? በቁጥር ተባዝቶ፣ በምሳ ይህን ያህል ዶላር ተብሎ ብቻ የሚከፈላችሁ አቅራቢዎች ከሆናችሁ የፌዴራሉ የግዥና የወጪ ደንብ አብዛኛው እናንተ ላይ አይወርድም፤ የሚገዛችሁ ውሉ ነው። ማን ብቁ እንደሆነ የምትመዘግቡ፣ የፕሮግራሙን ዓላማ የምታስፈጽሙ፣ ወጪያችሁን እየዘረዘራችሁ የምታስመልሱ ከሆነ ግን ንዑስ ተቀባይ ናችሁ፤ ደንቡ ሁሉ ተከትሏችሁ ይመጣል። ከጻፍሽው ሁለተኛው ይመስለኛል። ስንት ማኅበር ይህን ሳያጣራ በማይመለከተው ደንብ ሲጨነቅ፣ የሚመለከተውን ደግሞ ሳያውቅ ሲቀጣ አይቻለሁ።

የበላይነቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ፣ ከሱ ሥር የፌዴራል ደንቦቹ፣ ከዚያ የግራንቱ ደብዳቤና ውሉ፣ ከዚያ የስቴቱና የካውንቲው መመሪያ፣ በመጨረሻ የእናንተ ፖሊሲ። ሰው የሚሳሳተው ግን እዚህ ላይ ነው። የላይኛው የታችኛውን የሚሽረው ሁለቱን አንድ ላይ መፈጸም በማይቻልበት ጊዜ ብቻ ነው። የላይኛው ዝም ያለውን ወይም «ይቻላል» ያለውን የታችኛው ቢያጠብቀው ግጭት የለም። ጠበቅ ያለውን ስትፈጽሚ ሁለቱንም ፈጽመሻል።

እንጀራው ላይ የተረታሽው ለዚህ ነው። የፌዴራሉ የግዥ ደንብ፣ 2 ሲ.ኤፍ.አር. (የፌዴራል ደንቦች መድበል) ክፍል 200፣ መጀመሪያ የሚለው ድርጅቱ በጽሑፍ ያስቀመጠውን የራሱን የግዥ ሥርዓት ይከተል ነው። ዋናው ሕግ ራሱ ነው ትንሿን ፖሊሲሽን ከፍ አድርጎ ያስቀመጣት። እሷን ስትጥሺ የፌዴራሉን ጣስሽ። 500 ዶላር የሚለው ቁጥር ያሳስራችኋል ካላችሁ ቦርዱ ተሰብስቦ ያሻሽለው፤ የተሻሻለው ግን ከተሻሻለበት ቀን ወዲህ እንጂ ወደኋላ አይሠራም። ቃለ ጉባኤውን የኋላ ቀን አስቀምጣችሁ እንዳትጽፉ አደራ። ግኝት ይታረማል፤ ያ ግን የማይታረም ጥፋት ነው።

ደግሞም 15,000 ዶላሩን የያዝሽው በወር እየቆረጥሽ ነው። አንቺ 1,400 ስትይ እኔ የማየው በዓመት 16,800 ነው። ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ዓመቱን ሙሉ እንደሚገዛ አስቀድሞ እየታወቀ በየወሩ ቆርጦ «ትንሽ ግዥ ነው» ማለት ደንቡ አይፈቅድም፤ የሚታየው ድምሩ ነው።

የገንዘብ ያዡ ጉዳይ ከፕሮፎርማው ይልቅ ያሳስበኛል። ደንቡ የቦርድ አባልም ሆነ ሠራተኛ እሱ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ጥቅም ባለበት ግዥ ምርጫ፣ ውል መስጠትና ክትትል ውስጥ አይግባ ይላል። «ይመስላል» የሚለውም ይበቃል፤ መስረቁ መረጋገጥ የለበትም። ይህ ማለት ግን ከዚያ ሱቅ መግዛት ክልክል ነው ማለት አይደለም። ግንኙነቱን በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ከስብሰባው ይውጣ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ፤ የማቅረቢያ ሰዓቱንም መስፈርት አድርጉት። እሷ ካሸነፈች ግዙ። ግን ቼኩን ማን ነው የሚፈርመው? ገንዘብ ያዡ ከሆነ ለዚያ ሱቅ የሚከፈለውን ሌላ ሰው ይፈርም።

የታችኛው የላይኛውን መጣስ የማይችልበትንም አንድ ልንገርሽ፣ ለሌላ ጊዜ ይጠቅምሻል። ብዙ ካውንቲ «ከ10 በመቶ በላይ የአስተዳደር ወጪ አንከፍልም» ይላል። የፌዴራሉ ደንብ ግን ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር ተደራድሮ ያስጸደቀው የራሱ የወጪ ተመን የሌለው ድርጅት ተመን ሳያስጸድቅ ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪውን እስከ 15 በመቶ እንዲያስብ ይፈቅዳል፤ ከጥቅምት 2024 በፊት 10 በመቶ ነበር። የፕሮግራሙ ሕግ ራሱ ጣሪያ ካላበጀ በቀር ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ካውንቲ ዝቅ አድርጉ ብሎ ማስገደድ አይችልም። እዚህ ላይ የምትከራከሪበት አለሽ። የኪራይና የመብራት ገንዘብ ሳይጠይቁ የከሰሩ የእኛ ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ እባክሽ ይህንን ለቦርዱ አንብቢላቸው።

የሦስት ዶላሩን ማስታወቂያ ዛሬውኑ ንቀዪው። ሕጉ የፈቃድ መዋጮ ይፈቅዳል፤ የታሰበ መጠንም መጻፍ ይቻላል። ግን ያልሰጠ ሰው ምሳ አይከለከልም፣ ገቢው አይጠየቅም፣ ማን ሰጠ ማን አልሰጠም እንዳይታወቅ ሳጥኑ ይከደን። የተሰበሰበውም ለዚያው አገልግሎት ይዋል። ሌላ ክርክር የለውም።


የሥነ ምግብ ባለሙያ

ወተቱን እኔ ልመልስ፤ በሌላ ስቴት ለአረጋውያን ምሳ ዝርዝር የማጸድቅ ባለሙያ ነኝ።

የፌዴራሉ ሕግ ወተት የሚል ቃል አያስገድድም። የሚለው እያንዳንዱ ምሳ የአሜሪካን የአመጋገብ መመሪያ ይከተል፣ ለዕለቱ ከሚያስፈልገው ንጥረ ነገር ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ይስጥ ነው። ወተቱ የካውንቲያችሁ አቋራጭ ነው፤ በየቀኑ ካልሲየም ከማስላት ወተት ይቅረብ ብለው ጨረሱት። ያንን መመሪያ ሳትጥሱ የምታልፉበት መንገድ አለ። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት በአመጋገብ መመሪያው ከወተት ምድብ የሚቆጠር ነው። የለውዙና የአጃው ወተት እንደዚያ አይቆጠርም፤ ሱቅ ላይ አንድ ስለሚመስሉ ተጠንቀቁ።

መመሪያችሁ ሦስት አውንስ ሥጋ የሚል ከሆነ ለሱም አትጨነቁ። ሩብ ኩባያ የበሰለ ምስር እንደ አንድ አውንስ ሥጋ ይያዛል። ሦስት አራተኛ ኩባያ ምስር ወይም ክክ ከሰጣችሁ የሦስት አውንሱን ሞላችሁ። እኔ የምፈራው ጨው ነው፤ ሽሮና በርበሬ ስትገዙ ጨው ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ።

አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። ሕጉ በ2020 ሲታደስ ምግቡ በተቻለ መጠን ለተጠቃሚው የተለየ የምግብ ፍላጎት ይስተካከል የሚለው አንቀጽ ላይ ባህላዊ ሁኔታና ምርጫም በግልጽ ተጨምሯል። የጾም ዝርዝራችሁን ስታቀርቡ ይህን ጥቀሱ። የአራት ሳምንት የጾም ምሳ ከነመጠኑ አዘጋጁና የካውንቲው ባለሙያ እንድትፈርምበት ስጧት። በቃል የተፈቀደ ነገር በሚቀጥለው ቁጥጥር ሌላ ሰው ሲመጣ የለም።


ከአትላንታ

አስተባባሪዋን አከብራለሁ፤ የምትሠሪው ትልቅ ሥራ ነው። ግን ሁላችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ ጾምን መሠረት አድርጎ የምሳ ሰዓትና ዝርዝር ማውጣት ሃይማኖትን በግብር ገንዘብ ማካሄድ አይሆንም? ነገ አንድ የማይጾም ሰው ተነሥቶ ቢከስስ ማኅበሩ ምን ይላል? እኛ ከተማ ያለ ማኅበር ሠራተኛዋ ከምሳ በፊት ጸሎት እያስደረገች ተወቅሶ ነበርና ነው።


ጡረታ የወጣ ሂሳብ ሠራተኛ (ቨርጂኒያ)

ጥሩ አነሣህ ወንድሜ። ለፌዴራሉ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ግራንቶች (የእናንተም ገንዘብ ከዚያ ነው) የሚሠራው 45 ሲ.ኤፍ.አር. ክፍል 87 ይባላል። አምልኮ፣ ስብከትና የመሳሰለው በግራንቱ ገንዘብ አይካሄድም፤ ካለም በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ቦታ፣ በፈቃደኝነት ይሁን ይላል። ሠራተኛ ጸሎት ማስደረጓ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ መቅረት አለበት። አረጋዊው ራሱ ማዕዱን ባርኮ ቢበላ ግን ማንም አይከለክለውም። ምስር ወጥ ማቅረብ አምልኮ አይደለም፤ ለሌላ እምነት ተከታይ እንደሚደረገው ሁሉ ለሚበላው ሰው የሚስማማ ምግብ መስጠት ነው። በጾም ቀን ለማይጾመው የፍስኩ ምርጫ ይኑር፤ ያ ካለ ክሱ ምንም አይይዝም።


የምሳ አስተባባሪ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎም እህቴ። ትናንት ማታ አንብቤ ዛሬ ጠዋት ማስታወቂያውን አነሣሁት። ከምሳ በፊት ጸሎት የሚያደርሱት ከአረጋውያኑ አንዱ ቄስ ናቸው፣ ሠራተኛ አይደሉም፤ ደህና ነን ማለት ነው።

ይዞ የመውጣቱን ነገር ግን ማንም አልነካልኝም። የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።


የሥነ ምግብ ባለሙያ

ይቅርታ፣ ረዝሞብኝ ትቼው ነው። በጋራ የሚበላው ምሳ መሠረቱ ሰው አንድ ላይ ተቀምጦ መብላቱ ነው፤ ሕጉ ሲወጣ ከረሃቡ ሌላ ብቸኝነቱንም አስቦ ነው፤ ስለዚህ ካውንቲውን አልፈርድበትም። ትኩስ ምግብ በቦርሳ ሦስት ሰዓት መቆየቱም ለ78 ዓመት ሰው ሆድ አደጋ አለው።

ግን በ2024 የወጣው አዲሱ ደንብ፣ 45 ሲ.ኤፍ.አር. ክፍል 1321፣ በር ከፍቷል። ስቴቱ በዕቅዱ ውስጥ ካካተተው፣ ለጋራ ምሳ ከሚያወጣው ገንዘብ ከ25 በመቶ በማይበልጠው ይዘው የሚሄዱት ምግብ መስጠት ይቻላል። ሁልጊዜ የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም ቢሆኑ ፍላጎታቸው በየግል ተጠንቶ፣ ማኅበራዊ ችግር የበረታባቸው ከሆኑ ይፈቀዳል፤ ደንቡ ደግሞ ማኅበራዊ ችግር ሲል የቋንቋ እንቅፋትንና በሃይማኖት ምክንያት የሚመጣ መገለልን በስም ይጠራል። እንግዲህ የፌዴራሉ «ይቻላል» ይላል፣ የሚመርጠው ስቴቱ ነው፣ የእናንተ ካውንቲ ደግሞ ክልክል ነው ብሏል። ጋሼ እንዳሉት ይህ ግጭት አይደለም፤ በሩን የዘጋው ካውንቲው ይሁን ስቴቱ አጣሪና የዘጋውን በጽሑፍ ጠይቂ።

ካልሆነ ሰዓቱን ለምን አታዘዋውሩትም? የፌዴራሉ ደንብ ምሳ በስድስት ሰዓት ይበላ አይልም። የያዛችሁ ውላችሁ ነው፤ ውል ደግሞ በማሻሻያ ይለወጣል።


ከአዲስ አበባ

እኔ እዚህ አገር ቤት በአንድ የአገር ውስጥ ድርጅት በፋይናንስ እሠራለሁ። የእናንተ ጉዳይ ከእኛ ጋር መመሳሰሉ ገርሞኝ ነው የጻፍኩት። እኛ ጋ የሲቪል ማኅበረሰብ አዋጁ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይብለጥ ይላል፤ በድሮው አዋጅ 30 ነበር። ለጋሾቹ ደግሞ የየራሳቸው አከፋፈል አላቸው፤ አንዱ የፕሮግራም ያለውን ሌላው የአስተዳደር ይለዋል። ለዓመታት «የማንን እንከተል» እያልን ስንከራከር ቆይተን፣ በመጨረሻ አንዷ አለቃችን በአንድ ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ አሠራችን፤ እያንዳንዷ ወጪ በአዋጁ ምን ተብላ ትመዘገባለች፣ በለጋሹ ውል ምን ተብላ። ሁለቱንም ጣሪያ የምታልፍ ወጪ ገና በጀት ሲሠራ ትታያለች። ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቁ ቀለለን።

በመንግሥት ግዥ ግን ሌላ ነው። የግዥ አዋጁ 649/2001 ራሱ ከዓለም አቀፍ ስምምነት ጋር ከተጋጨ ስምምነቱ ይጸናል ብሎ ጽፎ ነበር። ሕጉ ራሱ ማን እንደሚበልጥ ሲናገር ሰው ይገላገላል። ስለዚህ እህቴ፣ ውልሽን መጨረሻውን ገጽ ገልብጪና «ግጭት ቢፈጠር» የሚል አንቀጽ ካለ እይ፤ ብዙ ጊዜ ማንም የማያነበው ቦታ ነው ያለው።


የምሳ አስተባባሪ (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የአዲስ አበባው ወንድሜ ያለው አንቀጽ 31ኛው ገጽ ላይ ተገኘ። የፌዴራል ሕግና ደንብ፣ ከዚያ ውሉ፣ ከዚያ የካውንቲው መመሪያ ይላል ቃል በቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስፈርምበት የኖርኩት ወረቀት ነው። ጋሼ እንደገመቱትም ንዑስ ተቀባይ ነን።

ገንዘብ ያዣችን መጀመሪያ ተቀየሙኝ። «ሌባ ነኝ?» አሉኝ። ጋሼ የጻፉትን አንብቤላቸው ዝም አሉ፤ በማግሥቱ ግንኙነታቸውን በጽሑፍ አሳውቀው ከስብሰባው ወጡ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰብን። ሁለቱ ሱቆች በአንድ እንጀራ ከሷ የበለጠ ዋጋ ሰጡ፤ አንደኛው ማድረስም አይችልም። የእሷው ጸና። ቦርዱ ደግሞ 500 ዶላሩን ወደ 2,500 ከፍ አደረገው፣ ከስብሰባው ቀን ጀምሮ። እንጀራው አሁንም ፕሮፎርማ ይፈልጋል፤ በየዓመቱ አንዴ እናወጣለን።

የጾሙ ዝርዝር ጸደቀ። የአራት ሳምንት ምሳ ከነመጠኑ ሠርተን የ2020ውን ጭማሪ ጠቅሰን አስገባን፤ በዘጠነኛው ቀን ተፈርሞ መጣ። የአኩሪ አተሩን ወተት መጀመሪያ ቀን አንድ አባት ቀምሰው «ይሄ ምንድነው፣ የሱፍ ፍትፍት ነው?» አሉ፤ አሁን ሁለት ሁለት ይወስዳሉ።

ይዞ መሄዱን በሚመለከት ካውንቲው በጽሑፍ የመለሰልን ስቴቱ በዕቅዱ አላካተተውም ብሎ ነው። የሚቀጥለው ዕቅድ ሲዘጋጅ የሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ይኖራል፤ አረጋውያኑን ይዤ እሄዳለሁ። ሙስሊሞቹ እናቶችና አባቶች ግን የዘንድሮው ረመዳን እንዲሁ አለፈባቸው፤ ለእነሱ ምንም አልደረስኩላቸውም።

ሰዓቱን ግማሽ ለግማሽ አገኘን። ውሉ ተሻሽሎ እስከ ፋሲካ ምሳ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ እንድናቀርብ ተፈቀደ። ችግሩ አውቶቡሱ ሆነ። ሃያ የሚሆኑት የሚመለሱት በካውንቲው አውቶቡስ ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ ካልወጣ የሌላ ማዕከል ሰዎች ይጉላላሉ። ተለምነው ረቡዕና ዓርብ ብቻ እስከ አሥር ሰዓት ሊያቆዩልን ተስማሙ። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው 40 ቀን ነው፤ እኛ የደረስንበት ሁለቱን ቀን በሳምንት፣ ያውም ለቀሩት ሳምንታት።

የመጀመሪያው ረቡዕ ዘጠኝ ከሩብ ሲሆን እማማን አየኋቸው። ሰዓቱን አላዩም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው፣ ማዕዱን ባርከው፣ ከጎናቸው ላሉት እናት አንድ ጉርሻ ሰጥተው ጀመሩ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስን መጓጓዣ ከመዋጮው ሳጥን ገንዘብ ቫን ተከራይተን ብንሸፍነው ይፈቀዳል? «ለዚያው አገልግሎት» የሚለው ውስጥ ይገባል ወይስ አስቀድሜ በጽሑፍ ላስፈቅድ?


ጡረታ የወጣ ሂሳብ ሠራተኛ (ቨርጂኒያ)

መዋጮው የተሰበሰበበትን አገልግሎት ለማስፋት ነው። ምሳው ላይ ሰው መድረሱ ከምሳው ጋር የተያያዘ ነው ብለሽ መከራከር ትችያለሽ፤ ግን መጓጓዣ በውላችሁ በሌላ የበጀት መስመር የሚከፈል ከሆነ ኦዲተር ይጠይቅሻል። አስፈቅጂ። ቫኑን ከመከራየትሽ በፊት ከካውንቲው የጽሑፍ መልስ በእጅሽ ይግባ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ስንት ዶላር እንደሆነ ጻፊላቸው። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ ብትልኪልኝ አይቼ ነገ ጠዋት እመልስልሻለሁ።